ከቅጽሩ ውጭ የቆመው ወጣት

እሑድ ሊነጋጋ ሲል በቃሊቲና በአቃቂ መካከል ያለው ዋና መንገድ ላይ ሁለት ዓለም ይገናኛል። ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ ከባድ መኪኖች ዳር ይዘው ቆመዋል፤ ረዳቶቹ እየዞሩ ጎማውን በብረት መታ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። ከመጠጥ ቤቶቹ የአንዳንዱ መብራት ገና አልጠፋም። በዚያው ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ዜማው ይሰማል፤ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ከጨለማው እየወጡ ወደ ደጁ ይሄዳሉ።

ሰሞኑን ከእነዚህ አንዱ ዓይኔን ያዘው። 22 ወይም 23 ዓመት ቢሆነው ነው። ከነጠላው ሥር የፋብሪካ ቱታ ለብሷል፤ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣ ይመስላል። የቅጽሩን በር ተሳለመ፣ አማተበ፣ ግን አልገባም። ከግንቡ ሥር ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቅዳሴው እስኪፈጸም ቆመ። ሰው ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር ነጠላውን ወደ ዓይኑ ሳብ ያደርግ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ከቅጽሩ ውጭ መቆም ምን እንደሆነ ይገባዋል። አንዷ የወር አበባ ላይ ትሆናለች፤ አንዱ ሌሊት ሕልመ ሌሊት፣ አባቶች ዝንየት የሚሉት፣ አግኝቶት ይሆናል፤ ሌላው ከበድ ያለ ነገር ተሸክሞ መጥቶ ይሆናል። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያቺ ነጠላውን ወደ ዓይን የመሳብ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለች። ያ ልጅ እዚያ የቆመው ቤቱን አክብሮ ነው ወይስ በራሱ አፍሮ?

ጥያቄው የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ፍትወትን፣ ፈተናንና ኃጢአትን በአንድ ጆንያ ከተን፣ ጆንያውን «ነውር» ብለን አስረን አስቀምጠናል። በዚህም ሁለት ጉዳት ደርሷል ብዬ አምናለሁ። ገና ያልወደቀው ወጣት እንደወደቀ ተቆጥሮ ከመድኃኒቱ ይርቃል፤ በእውነት የበደለው ደግሞ በነውሩ ጥላ ተሸፍኖ ያመልጣል።

ሦስት ቃላት

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቃላቱ ራሳቸው ይናገራሉ። ፍትወት በግእዝ መሻት፣ መውደድ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የሚወጣው «ፍቱው» የተወደደ፣ የሚያስደስት ማለት ስለሆነ ምስጋና ነው። ፈተና ደግሞ መመዘኛ ነው፤ ለተማሪ የሚቀርበውም ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የገጠመውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ ገና አልወደቀም። ኃጢአት ደግሞ «ኀጥአ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ማጣት፣ መሳት ማለት ነው፤ የአማርኛው «አጣ» ዘመዱ ነው። እንግዲህ መሻት፣ መመዘን፣ ማጣት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ወደ ሌላው ሊያደርስ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን ግን አይሆንም።

መፈተን ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ከዐቢይ ጾም 55 ቀናት መካከል አርባውን የምናስብለትን የጌታን ጾም መረዳት ባልቻልን ነበር። እርሱ ተፈትኗል፤ ኃጢአት ግን አልተገኘበትም። ይህን በየዓመቱ ከመድረክ እንሰማለን። ወደ ራሳችን ሥጋ ሲመጣ ግን እንረሳዋለን።

የአቃቂ ሰው ነገሩን ከወንዙ ሊማረው ይችላል። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ካሉት ከፍታዎች ጠርተው ይነሣሉ። ከተማዋን ሲያቋርጡ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡንና የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ እየተቀበሉ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ እኛ ጋ ሲደርሱ ሽታቸው ይቀድማቸዋል። በመጨረሻ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ይሁንና በዚሁ በእኛ መሬት ሥር ከተማዋ የምትጠጣው ውኃ አለ፤ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ የአዲስ አበባን ፍጆታ ከፍ ያለ ድርሻ ይሸፍናል። ወንዙ የቆሸሸው በመንገዱ ነው፤ በምንጩ አይደለም። «ወንዝ ክፉ ነው» ብሎ ምንጩን የሚደፍን ሰው ከተማውን በጥም ይገድላል።

የክርስትና ትምህርትም መነሻው ይኸው ነው። የመብዛትና የመባዛት በረከት በኦሪት ዘፍጥረት 1ኛ ምዕራፍ የተነገረ ነው፤ ውድቀቱ የሚመጣው በ3ኛው ምዕራፍ ነው። ባልና ሚስት ከእባቡ ይቀድማሉ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጋንግራ የተሰበሰቡ ጳጳሳት፣ ጋብቻን የሚያረክሱና ከባሏ ጋር የምትተኛ ሴት መንግሥተ ሰማያት አትገባም የሚሉ ሰዎች በተነሡ ጊዜ፣ ያወገዙት ባለ ትዳሮቹን ሳይሆን እነዚያን ሰዎች ነበር። የዚያ ጉባኤ ቀኖና ለፍትሐ ነገሥታችን ምንጭ ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ ነው።

ሌላም ማስረጃ በየቤታችን አለ። በእኛ ዘንድ «ዳዊት» ተብሎ በማኅደር የሚያዘው መጽሐፍ ከመዝሙራቱና ከነቢያት ጸሎት ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ይዟል። ሊቃውንቱ ሙሽራውን በክርስቶስ፣ ሙሽሪትን በቤተ ክርስቲያን ይተረጉሙታል። ትርጓሜው የሚቆመው ግን አንድ ነገር ሲታመን ነው፤ የወንድና የሴት መፈላለግ የእግዚአብሔርን ፍቅር ሊመስል የሚችል ክቡር ነገር መሆኑ። የረከሰ ነገር ለቅዱስ ነገር ምሳሌ ሆኖ አይቀርብም።

ጎረቤቶቻችን ምን ይላሉ?

አቃቂ ቃሊቲ የአንድ ሃይማኖት ሰፈር አይደለም። በአንድ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ የመካነ ኢየሱሱ ምእመንና ሙስሊሙ ጎረቤታሞች ናቸው። ክርስቲያኖቹ እንኳ በዚህ ነገር ላይ አንድ ቃል የላቸውም። መካነ ኢየሱስን ጨምሮ የሉተራውያን መሠረት የሆነው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1530 ሲጻፍ፣ ሰው ይዞት የሚወለደው ክፉ ምኞት ራሱ በእውነት ኃጢአት ነው አለ። የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1546 በተጠመቁት ውስጥ የሚቀረው ምኞት ከኃጢአት የመጣና ወደ ኃጢአት የሚያዘነብል ቢሆንም፣ ራሱ ግን በትክክለኛ ትርጉሙ ኃጢአት አይደለም፤ ለትግል የተተወ ነው ብሎ ወሰነ።

ለሉተራውያኑ ፍትሐዊ እንሁን። እነርሱ ምኞትን ኃጢአት ሲሉ ወጣቱን ከደጅ ለማስቀረት አይደለም፤ ማንም በራሱ ንጽሕና እንዳይመካ፣ ሁሉም በጸጋ ደጃፍ እኩል እንዲቆም ነው። ወደ አፈጻጸሙ ስንመጣ ግን በየጉባኤው የሚሰማው ስብከት፣ የእኛም የእነርሱም፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ሁለተኛውን ይጥላል። «ረክሰሃል» ይባላል፤ «ና» የሚለው ይረሳል።

በእኛ ትምህርት ኃጢአት በኃልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይሠራል፤ በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ። «ታዲያ ማሰብም ኃጢአት ከሆነ ያ ልጅ ምን ያመልጣል?» የሚል ይኖራል። መልሱ የሐሳብ ዓይነት ሁለት መሆኑ ነው። መጥቶ በር ያንኳኳ እንግዳ አለ፤ ወንበር ተስቦለት፣ ቡና ተፈልቶለት፣ ሦስተኛውን ጀበና የጠበቀ እንግዳ አለ። ጌታ በተራራው ስብከት ሴትን ተመኝቶ ስለሚመለከት ሰው የተናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ለመመኘት ብሎ ስለሚያይ። ሐዋርያው ያዕቆብም ቅደም ተከተሉን በፅንስ መስሎታል፤ ምኞት ትፀንሳለች፣ ኃጢአትን ትወልዳለች፣ ኃጢአትም ሲያድግ ሞትን ይወልዳል። ፅንሱ የሚጀምረው ፈቃድ ሲጨመርበት ነው። ማንኳኳቱን መከልከል በእጃችን አይደለም፤ ወንበር መሳቡ ግን የእኛ ነው።

አትናቴዎስ ለመነኮሳቱ የጻፈው

ግንቡ ሥር የቆመውን ልጅ ምናልባት የሚያስጨንቀው ጥያቄ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የነበሩ መነኮሳትንም አስጨንቋል፤ በእንቅልፍ፣ ያለ ፈቃድ፣ ከሥጋ የሚወጣው ነገር ያረክሳል ወይ? የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ ስለዚሁ ነገር አሞን ለተባለ መነኩሴ ደብዳቤ ጽፏል። አትናቴዎስ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እርሱ ነው።

የደብዳቤው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካምና ንጹሕ ነው። ከአፍ ምራቅ፣ ከአፍንጫ ንፍጥ ስለወጣ ማንም ማንንም አይከስም፤ የተፈጥሮ ነገርም እንዲሁ ነው። የሚያረክሰው በፈቃድ ከልብ የሚወጣው ነው። ከዚህ ይልቅ ጠላት በዚህ ጭንቀት እየገባ የመነኮሳቱን ሰላም እንደሚሰርቅ ያስጠነቅቃል። ቀጥሎም ሁለት መንገድ እንዳለ ይናገራል፤ ጋብቻ ሠላሳ ያፈራል፣ ድንግልና መቶ ያፈራል፤ ሁለቱም ግን ያፈራሉ።

ይህን የምጽፈው ሥርዓቱን ለማፍረስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ዝንየት ያገኘው ሰው ያን ቀን ከደጅ ሆኖ እንዲጸልይ የምታደርገው ቅድስናውን በሥጋችን ጭምር እንድናከብር ነው፤ ከኦሪት የወረስነው አክብሮት አለበት። እኔም በወጣትነቴ ከዚያው ዓይነት ግንብ ሥር ቆሜያለሁ፤ መቆሙ ራሱ ጸሎት ነበር። ሕመሜ ሥርዓቱ ሳይብራራ መቅረቱ ነው። ሥርዓቱ «ዛሬ ከደጅ ሆነህ ጸልይ» ይላል። ልጁ የሚሰማው «አንተ ርኩስ ነህ» የሚለውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል የሚሞላው ትምህርት ብቻ ነው።

ገደሉ ምን ያህል እንደሰፋ ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ ይታያል። ወደፊት የሚመጡት እናቶች ያዘሏቸው ሕፃናት፣ ትንንሽ ልጆች፣ አረጋውያንና በቁርባን የተጋቡ ጥቂት ባለ ትዳሮች ናቸው። ጎልማሳው ትውልድ፣ ፈተናው የሚበረታበትና መድኃኒቱን አብልጦ የሚሻው፣ ባለበት ይቆማል። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በ1984 ዓ.ም. በተመሠረተው በማኅበረ ቅዱሳን ትምህርት የሚቆርብ ወጣት መብዛቱ እሰየው ነው። አሁንም ግን «ገና ወጣት ነኝ፣ ስሸመግል እቆርባለሁ» የሚለውን ቃል በየዕለቱ እሰማለሁ። ታማሚ «ስድን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» ሲል እንደ መስማት ነው።

የልኳንዳው ውሻ

ከበረሃ አባቶች ታሪክ ለዚህ ሰፈር ልጆች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ሙሴ ጸሊምን እመርጣለሁ። ስሙ እንደሚናገረው ጥቁር ሰው ነው፤ የጥንት ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ይሉታል። ወንበዴ ነበር፤ በኋላ በገዳመ አስቄጥስ መነኮሰ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የበረሃ አባቶችን ገድል የጻፈው ጳላዲዮስ ውጊያውን ሳይሸፍን ነግሮናል። ሙሴ የዝሙት ፈተና እጅግ ስለበረታበት ምንኩስናውን ሊተው ተቃርቦ ነበር። ያደረገው አንድ ነገር ግን አዳነው፤ ወደ ሽማግሌው አባ ኤስድሮስ ሄዶ ተናገረ።

የሽማግሌው መልስ ለቃሊቲ ሰው ያለ ትርጓሜ ይገባል። አትደንግጥ፣ ገና ጅማሬ ላይ ነህ፣ የቆየ ልማድ ስላለ ነው የሚበረታብህ አለው። ከዚያም ስለ ልኳንዳ ቤት ውሻ ነገረው። ውሻው ሥጋ ስለለመደ ከልኳንዳው ደጅ አይጠፋም፤ ቤቱ ከተዘጋና የሚጥልለት ካጣ ግን ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። በእኛ ሰፈር ቁርጥ ቤቶች ደጃፍ በየማታው ይህን የማያይ ማን አለ? ውሻው ላይ ድንጋይ ስትወረውር ብትውል ዘወር ብሎ ይመለሳል። ቅንጥብጣቢ መጣሉን ስትተው ነው የሚሄደው። ዛሬ ሌሊት በስልክ መስታወት ላይ ጣቱን የሚያንሸራትት ልጅ በየማታው ቅንጥብጣቢ እየጣለ ውሻው ለምን እንደማይሄድ ይገረማል።

ሙሴ ወዲያው አልዳነም። ጾመ፣ ሰገደ፣ ለዓመታት ሌሊቱን ቆሞ አደረ። ከዚያ አንድ ሌላ ነገር ጀመረ፤ ሌሊት እየተነሣ ከውኃ ርቀው ለሚኖሩ አረጋውያን መነኮሳት እንስራቸውን እየሞላ ያስቀምጥላቸው ነበር። ጉልበቱን ለሰው አዋለው። ፈተናው የለቀቀው በመጨረሻ አባ ኤስድሮስ፣ ደፍረህ ከምሥጢሩ ተቀበል፤ ይህ ሁሉ የደረሰብህ በራስህ ኃይል እንዳሸነፍክ እንዳትመካ ነው ባለው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ላፍታ ቆም ብለን እናስብ። ሽማግሌው «ንጹሕ ስትሆን ትቆርባለህ» አላለውም። መድኃኒቱን አቀረበለት።

ጠቦቷ አልተወቀሰችም

ሁለተኛው ጉዳት በእውነት የበደለው ማምለጡ ነው። ስለ ዝሙት የሚሰበከው አብዛኛው ስብከት የሚያርፈው በሴት ልጅ ቀሚስ ላይ ነው። መጽሐፉ የሚያርፍበት ቦታ ግን ሌላ ነው። በተራራው ስብከት ቃሉ የተነገረው ለሚያየው ሰው ነው፤ አውጥተህ ጣላት የተባለችው የእርሱ ዓይን ናት። ዳዊት ከሰገነቱ ሆኖ ቤርሳቤህን ባየና ባስመጣት ጊዜ፣ ነቢዩ ናታን የመጣው ወደ ዳዊት ብቻ ነው። በምሳሌው ባለጠጋው የድኻውን አንዲት ጠቦት ወስዶ አረደ። ጠቦቷ ምን አደረገች ተብላ አልተወቀሰችም። በዮሐንስ ወንጌል በምንዝር ተያዘች የተባለችውን ሴት ሲያመጡ፣ ሕጉ ሁለቱም ይቀጡ ይል ነበር፤ ወንዱን ግን ማንም አላመጣውም። ጌታ ድንጋዩን ያስጣላቸው እነዚያን ነው፤ እርሷንም ኃጢአቷን ሳይክድ፣ ሳይፈርድባት አሰናበታት።

በአቃቂ ቃሊቲ ይህ ረቂቅ ነገር አይደለም። በየፋብሪካው በር ጠዋት የሚሰለፉት ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ለአራትና ለአምስት አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ልጃገረዶች ናቸው። የፈረቃ ድልድሉን የሚያወጣ አለቃ «ቡና እንጠጣ» ሲላቸው፣ እምቢታው ደመወዝ እንደሚያስከፍል ያውቃሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ከልክሏል። በመድረኮቻችን ግን ይህ በስሙ ሲጠራ እምብዛም አልሰማም። በእንቅልፉ ዝንየት ያገኘው ልጅ ከግንቡ ሥር ቆሞ፣ የሠራተኛዋን እንጀራ ማስፈራሪያ ያደረገው ሰውዬ ደግሞ ከፊት ቆሞ የሚያስቀድስ ከሆነ፣ ሚዛናችን ተዛብቷል። አንዱ ተፈትኗል፤ ሌላው በድሏል። ያፈረው ግን የተፈተነው ነው።

የቀረው የንስሐ አባት

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ምን ይሁን?» ለሚል፣ መፍትሔው ከቤተ ክርስቲያን ጓዳ ያልጠፋ ነገር ነው እላለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገሬ ሰው። ሙሴ ጸሊም የዳነው ስለተናገረ ነው። የእኛም ሥርዓት ለዚህ የንስሐ አባትን ሰጥቶናል።

የንስሐ አባት በገጠር የቤተሰብ ሰው ነው። የሕፃኑን ክርስትና ያውቃል፣ በበዓል ቤቱን ጸበል ይረጫል፣ ሲጣሉ ያስታርቃል፤ ልጁ ሲጎረምስ ፊቱን አይቶ የሚያውቅ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከሸዋ ገጠር ተነሥቶ አቃቂ የወረደ የ19 ዓመት ልጅ ልብሱንና የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ይመጣል፤ የንስሐ አባቱ ግን እዚያው ይቀራሉ። እዚህ በሺህ ሕዝብ መካከል ነጠላውን ለብሶ ይገባል፣ ነጠላውን ለብሶ ይወጣል፤ ስሙን የሚያውቅ ካህን የለም። የሚያማክሩት የክፍሉ ልጆችና ስልኩ ናቸው። ይህ የልጁ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የእኛ የነባሮቹም ዕዳ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ነው። የየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት አዲስ መጡን ሠራተኛ በፈረቃው ሰዓት አስቦ፣ በስሙ ጠርቶ ከካህን ጋር ያገናኘው። ካህናት አባቶቼ ስለ ዝንየት፣ ስለ ሐሳብ ፈተና፣ ስለ ስልኩ ነገር በግልጽ ያስተምሩ፤ «አባቴ፣ ሐሳብ እየታገለኝ ነው» ብሎ የሚመጣ ልጅ ገና ከመውደቁ በፊት የመጣ ጀግና መሆኑን ይንገሩት። እኛ ወላጆች ደግሞ ልጆቻችን ሲጠይቁን «ዝም በል፣ ነውር ነው» ማለቱን እንተው። ነውር የምንለው ዝምታ ኃጢአትን ሲከላከል አላየሁም፤ ሲያሳድግ ግን አይቻለሁ።

ያን እሑድ ቅዳሴው ሲፈጸም ዲያቆኑ ሕዝቡን በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ ብሎ አሰናበተ። ድምፁ በማጉያው ከቅጽሩ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ስንብቱ ለቀደሱትም ላስቀደሱትም ነው፤ ከግንቡ ውጭ ላሉትም ሳይቀር ደርሷል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ግንቡን ሳመ፣ ነጠላውን ከዓይኑ ላይ መለስ አደረገና ወደ ታክሲው ሄደ። ስሙን አልጠየቅሁትም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ልጠይቀው አስቤያለሁ፤ ከዚያም ከማውቃቸው አባት ጋር ላገናኘው።